የሚጠብቀው ዘንዶና የሚያሳድደው ዘንዶ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «አንተ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ጻፍ» ባሉኝ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት ቅር ብሎኝ ነበር። ጓደኞቼ ስለ ዓባይ ወንዝ፣ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ እናት ፍቅር ሲጽፉ እኔ ስለ ጨዋታ ብጽፍ፣ ወላጆች «ይህ ልጅ ዓመቱን በሙሉ ሲጫወት ነው የከረመው» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። (ቢሉም ፍጹም ሐሰት አይሆንባቸውም።) ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በትምህርት ቤታችን ትርኢት ላይ የሆነውን ነገር ያዩ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ማስረዳት ይገባኛል በማለት ብዕሬን አነሣሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። አድቬንቸር የሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ እንደ ተረት ያለ ነው። ተጫዋቹ አንድ ሰው ሆኖ ወደ ታሪኩ ይገባል፤ ከሰዎች ጋር ይነጋገራል፣ ዕቃ ይሰበስባል፣ የተዘጋውን በር በምን እንደሚከፍተው ያስባል። አክሽን የሚባለው ደግሞ የሩጫ፣ የዝላይና የድብድብ ጨዋታ ነው፤ በዚህኛው ጣቱ የፈጠነ ያሸንፋል። የፊተኛው «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የኋለኛው «ቶሎ በል!» ይላል። ሁለቱን መቀላቀል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በዕድሜ ከእኔ እጅግ ይበልጣል፤ እኔ ግን ክርክሩ መኖሩን እንኳ ሳላውቅ ነበር ሰተት ብዬ የገባሁበት።

የነገሩ መነሻ ዋሻ ነው። ዊል ክራውዘር የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ በትርፍ ጊዜው በኬንታኪ ግዛት ማሞዝ ወደሚባለው እጅግ ረጅም ዋሻ እየገባ ካርታ ያነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ገደማ ልጆቹን ለማጫወት ሲል ያን ዋሻ በጽሑፍ ብቻ በኮምፒዩተር ውስጥ ሠራው። በ1977 ዶን ዉድስ የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰው ጨዋታውን አግኝቶ አስፋፋው። ሥዕል የለበትም፤ ድምፅ የለበትም። ኮምፒዩተሩ ተጫዋቹ ያለበትን ቦታ በቃላት ይነግረዋል፤ ተጫዋቹም «ወደ ምዕራብ ሂድ»፣ «መብራቱን አብራ» እንደ ማለት ያለ አንድ ወይም ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፋል።

እኔ ይህን ጨዋታ ያወቅሁት በዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ምክንያቱም ሌላ ሳይሆን በቤታችን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ሌላ ጨዋታ በመጥፋቱ ነው። መዝገበ ቃላቴን በጎኔ አስቀምጬ ወደ ዋሻው ገባሁ። ከብዙ መንከራተት በኋላ አንድ ግዙፍ አረንጓዴ ዘንዶ በምንጣፍ ላይ ተጋድሞ መንገድ ዘግቶ አገኘሁት። መጥረቢያ ወረወርሁበት፤ ምንም አልሆነም። የያዝሁትን ምግብ ሰጠሁት፤ አልፈለገም። እናቴ ለእራት ስትጠራኝ ትቼው ሄድሁ፤ በልቼ ስመለስ እዚያው ነው። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስም እዚያው ነው። መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ዘንዶው ግን እንደ ተጋደመ ነበር። በመጨረሻም ተናድጄ «ግደል» ብዬ ጻፍሁ። ኮምፒዩተሩ በባዶ እጅህ ነውን የሚል ጥያቄ መለሰልኝ። እኔም በንዴት «አዎን» አልሁት። ዘንዶው ሞተ! እንዲህ ያለውን መልስ ያሰበ ሰው ምን ያህል ስቆ ይሆን ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሁለተኛው ዘንዶ የመጣው ከዚሁ ጨዋታ ነው። ዋረን ሮቢኔት የሚባል ወጣት የክራውዘርንና የዉድስን ዋሻ ከተጫወተ በኋላ፣ አታሪ በሚባለው ኩባንያ ሲሠራ ያንኑ በቴሌቪዥን ላይ በሥዕል ላውጣው ብሎ ተነሣ። አለቃው የሚሆን ነገር አይደለም ብሎት ነበር ይባላል። ማሽኑ ለጨዋታው የሚሰጠው ቦታ 4,096 ባይት ብቻ ነበርና አለቃውም አልተሳሳተም፤ ይህች የእኔ ጽሑፍ እንኳ በኮምፒዩተር ስትቀመጥ ከዚያ ብዙ እጥፍ ቦታ ትፈልጋለች። ሮቢኔት ግን ቃላቱን ሁሉ ጣለና በእነርሱ ፈንታ ጆይስቲክ ተካ። በ1980 በወጣው በዚህ ጨዋታ ጀግናው አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። ዘንዶዎቹም ሦስት ናቸው፤ አንዱ ብጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። መልካቸው ዳክዬ ይመስላል ተብሎ እስከ ዛሬ ይሳቅባቸዋል። ነገር ግን እነዚህ ዘንዶዎች አይጠብቁም፤ ያሳድዳሉ። ሰይፍ ያልያዘውን ይውጡታል፤ የተዋጠውም በዘንዶው ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል።

እንግዲህ አድቬንቸር ከአክሽን ጋር የተጋባው ከሞላ ጎደል በዚህ ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል። እኔም ሁለቱን ጨዋታዎች አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስለ ተጫወትኋቸው አወዳደርኋቸው፤ የሚያሳድደው ዘንዶ ከሚጠብቀው በብዙ ይበልጣል ብዬም ፈረድሁ። ሰው እራቱን በልቶ፣ ተኝቶ፣ የሒሳብ ፈተና ተፈትኖ እስኪመለስ ድረስ ተጋድሞ የሚጠብቅ ዘንዶ ምን ዘንዶ ይባላል? ያን ጊዜ እንዲህ ነበር የማስበው።

አጎቴ በመርካቶ ከ30 ዓመት በላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው መርፌ መያዝ አቃተው። ሲንጀር መኪናቸውን ሸጠው ወደ እኛ ቤት መጡ። ቀኑን በሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የአላፊ አግዳሚውን ልብስ ይተቹ ነበር፤ የማንኛውም ሰው ኮት ትከሻው ላይ ሲጨማደድ ካዩ እስኪያልፍ ድረስ ዕረፍት የላቸውም። በአሜሪካ የምትኖረው ልጃቸው አባቷ በሐሳብ እንዳይጎዱ ብላ ሦስት አራት የቆዩ የአድቬንቸር ጨዋታዎች ገዝታ ላከችልን። እኔ እንግሊዝኛውን እያነበብሁ እተረጉምላቸዋለሁ፤ እሳቸው በግራ እጃቸው ማውሱን ይዘው የሚሆነውን ይወስናሉ። አንዲት ነገር ለመጫን አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃ ይፈጅባቸው ነበር። ጨዋታው ግን አይቸኩልምና እኛም አንቸኩልም።

ከሁሉ የወደዱት በ1990 የወጣውን የሞንኪ ደሴት ምሥጢር የሚባለውን የሮን ጊልበርትን ሥራ ነው። በዚህ ጨዋታ አንድ ምስኪን ወጣት የባሕር ወንበዴ ለመሆን ይመኛል። ይህ ወጣት በጨዋታው ውስጥ የሚሞተው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ትንፋሹን 10 ደቂቃ መያዝ እችላለሁ እያለ ይፎክራልና፣ ወደ ባሕር ሲጣል ከ10 ደቂቃ በላይ ዝም ብለው ከተዉት ነው የሚሰምጠው። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ሰዓታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «እስቲ ቃሉን ይጠብቅ እንደ ሆነ እንይ» አሉኝ። 10 ደቂቃ ሙሉ ሻይ እየጠጣን አየነው። ልጁም ቃሉን ጠበቀ።

ወጣቱ ወንበዴ ለመሆን በሰይፍ ግጥሚያ ማሸነፍ አለበት። እዚህ ስንደርስ እጃቸውን አየሁና ደነገጥሁ። ነገር ግን በዚያ ጨዋታ በሰይፍ የሚያሸንፈው ክንዱ የፈጠነ ሳይሆን ምላሱ የተሳለ ነው! አንዱ ይሳደባል፤ ሌላው የሚገባውን መልስ ካገኘ ሰይፉ ወደ ፊት ይገፋል፤ መልስ ያጣ ያፈገፍጋል። ተጫዋቹ ስድቡንና መልሱን በየመንገዱ ከሚገጥሙት ወንበዴዎች ይማራል። በመጨረሻ የሰይፍ ሊቋን ሲገጥም ግን እሷ ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ስድቦች ታወርድበታለች፤ እርሱም የቀድሞዎቹን መልሶች ለአዲሱ ስድብ አዙሮ ማስማማት ይኖርበታል። አጎቴ ይህን ሲረዱ ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም። «ይኸማ እንካ ሰላንትያ ነው! ፈረንጆች ከየት ሰረቁት?» አሉ። ሰረቁት ለማለት ባልደፍርም ነገሩ በእርግጥ ያው ነው። እንግሊዝኛው የያዘውን ዋዛ በአማርኛ መመለስ ለእኔ ጭንቅ ሆኖብኝ ነበርና ብዙውን እሳቸው ራሳቸው አዲስ አድርገው ገጠሙት፤ ከዋናው ይሻል ነበር ብል አላጋነንሁም።

ቀጥለን በ1992 የወጣውን የኢንዲያና ጆንስና የአትላንቲስን ጨዋታ ያዝን። ሠሪዎቹ ሃል ባርዉድና ኖኣ ፎልስታይን ናቸው። እነርሱ አንድ ብልኅ ነገር አድርገዋል፤ ታሪኩ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተጫዋቹ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። በቡጢ፣ በብልኃት ወይም ከጓደኛ ጋር በኅብረት። አጎቴ እኔን ሳያማክሩ ብልኃትን መረጡ። እኔ ደግሞ ሌሊት እሳቸው ሲተኙ በቡጢው መንገድ ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ በ1995 የወጣው የቲም ሼፈር የሞተር ብስክሌተኞች ጨዋታ ተከተለ። እዚህ ላይ በመንገድ መካከል በሰንሰለትና በጣውላ መደባደብ ግድ ነው፤ የሚበልጥ ምላስ አይረዳም። አጎቴ ጥቂት ሞከሩና ማውሱን ወደ እኔ ገፉት። «አንተ ምታልኝ» አሉኝ። መታሁላቸው። ድብድቡ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን እንጫወት ብላቸው ደከመኝ አሉኝ። የደከማቸው መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ እኔና ጓደኛዬ በኮምፒዩተር ክበብ ውስጥ ሆነን ለትርኢቱ የሚቀርብ ጨዋታ በፓይተን ለመሥራት ተስማማን። ስሙን «የጠፋው ካባ» አልነው። አንድ የልብስ ሰፊ ደቀ መዝሙር ለእሑድ ሠርግ የተሰፋ ካባ ሐሙስ ዕለት ይሰረቅበታል፤ ከሸማ ተራ ጀምሮ እስከ ምናለሽ ተራ ድረስ እየጠየቀ መፈለግ አለበት። የዕውቀቱ ሁሉ ባለቤት አጎቴ ነበሩ። ዋናው እንቆቅልሽ እንኳ የእሳቸው ነው፤ የተሰረቀው ካባ ጠርዙ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል፤ የሰፋው ሰው ግራኝ መሆኑን ደግሞ ከስፌቱ አኳኋን ማወቅ ይቻላል። «የሰው እጅ በስፌቱ ይታወቃል፤ እንደ ጽሕፈት ነው» አሉኝ። ይህንንም ሲያስረዱኝ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተኝቶ ነበር።

በየካቲት ወር ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ጓደኛዬ ተጫወተውና «ሰው ይሰለቸዋል» አለኝ። «እንቆቅልሹ ጥሩ ነው፤ ግን ልብ የሚያስመታ ነገር የለበትም። ሌባው ሲገኝ መሮጥ አለበት።» እኔም ተስማማሁ። እንዲያውም ይህን ክፍል ጽፌ የጨረስሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱን በጓደኛዬ ላይ የምጭነው አይደለም። ሌባው ካባውን ይዞ ወደ አውቶቡስ ተራ ይሮጣል፤ ተጫዋቹ በቁልፍ ሰሌዳው ግራና ቀኝ ጫፍ ያሉትን ሁለት ቁልፎች እንደ እግር እያፈራረቀ ይመታል፤ መካከል ላይ የወዛደሮች ሸክም ሲመጣ ይዘላል። ሁሉም በ12 ሰከንድ ያልቃል። ሙዚቃው እየፈጠነ እንዲሄድ ሳደርግ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ በዚህ ኮርቼ ነበር።

ትርኢቱ ቀን የታናናሾቻችን ሰልፍ እስከ ደረጃው ደርሶ እንደ ነበር ያያችሁ ታውቃላችሁ። ልጆቹ እንቆቅልሹን እየተጠያየቁ ያልፉና ሩጫው ላይ ሲደርሱ ይጮኻሉ፤ አንድ መምህራችንም በሦስተኛው ሙከራ ሌባውን ሲይዙ አዳራሹ አጨበጨበ። ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ አላልሁህም? ማለቱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ከእናቴ ጋር በትራቸውን ይዘው መጡ። ልጆቹ ቦታ ለቀቁላቸው። እሳቸውም ተቀምጠው በግራ እጃቸው ቀስ እያሉ፣ ሌሎች ግማሽ ሰዓት የፈጀባቸውን መንገድ አንድም ሳይሳሳቱ ሄዱ። ከኋላቸው የቆሙት ሁሉ ተደነቁ። እኔ ግን ልቤ ከብዶ ነበር፤ ምክንያቱም የሚመጣውን ሩጫ ያስታወስሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስጽፈውና ስሞክረው አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁትም!

ሙዚቃው ተጀመረ። አንዱን ቁልፍ መቱ፤ እጃቸውን አሻግረው ሌላውን መቱ፤ ሌባው ጠፋ። እንደገና ሞከሩ። ሰባት ጊዜ ሞከሩ፤ ቆጥሬዋለሁ። ከኋላቸው የቆመው ሕዝብ ዝም አለ። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ በቅን ልቦና «አባባ፣ ይስጡኝ፣ እኔ ላሳልፍልዎ» አላቸው። አጎቴም ፈገግ ብለው ተነሡና ወንበሩን ለልጁ ሰጡት። «ጥሩ ጨዋታ ነው፤ የእኔ ክፍል እዚህ ላይ አለቀ» አሉኝ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ስለ ሽንኩርት መወደድ ነበር የሚያወሩት።

በማግሥቱ ከጓደኛዬ ጋር ተጣላን። እኔ ሩጫውን ፈጽሞ እናውጣው አልሁ። እርሱ ግን በቀላሉ የማይጣል ነገር ተናገረ። «ሌባ ቆሞ አይጠብቅም። ሌባው ቢቆም ሰው አያምነንም። ደግሞስ ልጆቹ ሲጮኹ አልሰማህም? የእነርሱ ደስታ ደስታ አይደለም?» አለኝ። ሰምቻለሁ። እኔ ራሴም ሌሊት በድብቅ የቡጢውን መንገድ የሄድሁ ሰው ነኝና ፍጥነት ከንቱ ነው ብዬ ልከራከር አልቻልሁም። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። አጎቴ ያንን በር እስኪደርሱ ድረስ የጠየቅናቸውን ሁሉ መልሰዋል፤ ከሁሉም ይልቅ ስፌቱን ያወቁ እሳቸው ናቸው። እኛ ግን መጨረሻ ላይ እስከዚያ ድረስ ፈጽሞ ያልጠየቅናቸውን ነገር ጠየቅናቸው፤ ያውም ሌላ መንገድ ሳንተውላቸው። አንድ መምህር የታሪክ ትምህርት ዓመቱን ሙሉ አስተምሮ በመጨረሻው ቀን «አሁን ገመድ ዝለሉ፤ ያልዘለለ ወደቀ» ቢል ምን እንለዋለን? ጓደኛዬ በዚህ ጥቂት ሳቀ። ሲስቅ ግማሹ እርቅ ሆነ።

ከዚያም የባርዉድና የፎልስታይን ሦስት መንገዶች ትዝ አሉኝ። ሩጫውን ሳናወጣ በአጠገቡ ሌላ መንገድ ለመክፈት ተስማማን። ሌባው ሊሮጥ ሲል አንድ ባለ ሱቅ ያስቆመውና ደቀ መዝሙሩን «ትሮጣለህ ወይስ ትገጥማለህ?» ይለዋል። ሊገጥም የመረጠ እንካ ሰላንትያ ይገባል። ሌባው «ምን አለህ በመርፌ?» ሲል ተጫዋቹ ከአራት መልሶች ቤት የሚመታውንና ነገሩን የሚመልሰውን ይመርጣል፤ ለምሳሌ «አንተን ለመመለስ ይበቃኛል አፌ» ይላል። «ምን አለህ በመቀስ?» ሲል ደግሞ «ካባውን አስቀምጥና በሰላም ተመለስ።» መጀመሪያ አራቱም መልሶች ቤት የሚመቱ አድርገን ስለ ጻፍናቸው ማንም ሰው ትክክለኛውን መለየት አልቻለም፤ ከዚያ ሦስቱን ቤት እንዳይመቱ ስናደርግ ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ሆነ። ይህን ማመጣጠን ከሩጫው ይልቅ ሦስት እጥፍ አደከመን፤ ከአንድ ወር በላይ ፈጀብን። በስተመጨረሻም ሁለቱ ቤት የሚመቱ፣ ከሁለቱም አንዱ ብቻ ነገሩን የሚመልስ እንዲሆን አደረግን። ጓደኛዬ አሁንም ቢሆን ሩጫው ይሻላል ይላል።

አዲሱን ጨዋታ በሰኔ ወር አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ለአጎቴ ይዤ ቀረብሁ። ስለ ሁለተኛው መንገድ ምንም አልነገርኋቸውም። ካባውን ፈለጉ፣ ስፌቱን መረመሩ፣ ሌባውን አገኙት። ባለ ሱቁ «ትሮጣለህ ወይስ ትገጥማለህ?» አለ። እኔም አነበብሁላቸው። የገጠምናቸውን መልሶች ሲያዩ የሚሉትን ለመስማት ቸኩዬ ነበር።

አጎቴ ወደ እኔ ዞር ብለው ቆይተው አዩኝ። ከዚያ ማውሱን ቀስ አድርገው ገፉና «ትሮጣለህ» የሚለውን ተጫኑ።

«ጋሼ፣ ሌላው እኮ ለእርስዎ ነው የተሠራው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ፤ እሱን በኋላ እገጥምልሃለሁ» አሉ። «ይህን ሌባ ግን አንድ ቀን በእግሬ እይዘዋለሁ። ሙዚቃውን አስነሣው።»

ከዚያ ወዲህ በየማታው ከእራት በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ያሳድዱታል። የቁልፎቹን ቦታ አቀራርብላቸው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው፤ አንዱን ብቻ እንዳቀርብ ፈቀዱልኝ። ይህን ስጽፍ እስከ ሁለተኛው የወዛደር ሸክም ድረስ ደርሰዋል።